ጽዋውን የቀዳው ማን ነው?

የአይሁድ ወንድ ልጅ በተወለደ በ8ኛው ቀን ሲገረዝ ከቡራኬው ጽዋ የወይን ጠብታ በከንፈሩ ላይ ይደረግለታል። ስሙ በወጣለት ሰዓት ወይን ቀመሰ ማለት ነው። ካደገም በኋላ ዓርብ ማታ ሰንበት ስትገባ አባቱ ጽዋ አንሥቶ ኪዱሽ የሚባለውን ቡራኬ ሲያደርስ ያያል፤ ቅዳሜ ቀን ይደገማል፤ ሰንበት ስትወጣም በጽዋ ትሸኛለች። በፋሲካ ሌሊት በማዕዱ ዙሪያ አራት ጽዋ በየተራው ይጠጣል። ሠርጉም በወይን ነው። የፑሪም በዓል ሲደርስ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቁጥብ የነበሩት ሽማግሎች ሳይቀሩ ሞቅ ብሏቸው ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ ያያል። ይህ ሁሉ ነውር አይደለም። ሥርዐታቸው ነው።

እንግዲህ ይኸው ልጅ 16 ዓመት ሞልቶት በኒው ዮርክ ወይም በኒው ጀርሲ ወይም በሎስ አንጀለስ ካሉት የአይሁድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሲማር፣ ቅዳሜ ማታ በጓደኛው ቤት ቮድካ ሲጠጣ ተያዘ እንበል። ሰኞ ጠዋት ወላጆቹ ይጠራሉ። በዓመቱ መጀመሪያ የፈረሙት የደንብ መጽሐፍ በጠረጴዛው ላይ ይገለጣል። ደንቡ በየትምህርት ቤቱ ቃሉ ቢለያይም ነገሩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ በግቢ ውስጥም ሆነ ከግቢ ውጭ፣ በትምህርት ቀንም ሆነ በዕረፍት፣ መጠጥ ወይም አደንዛዥ ዕፅ የተጠቀመ፣ የያዘ፣ ወይም ለሌላ የሰጠ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ እስከ መባረር የሚደርስ ቅጣት ያገኘዋል። ረቡዕ ሲሆን ልጁ የሚማርበት የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚያ ገጽ ጋር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ እንዳልታማ ልናገር። ልጁ ይጠጣ፣ ማሪዋናውንም ያጭስ የምል ሰው አይደለሁም። በአሜሪካ በ1997 የታተመ አንድ ጥናት 15 ዓመት ሳይሞላቸው መጠጣት ከጀመሩት ሰዎች መካከል ከመቶ 40 ያህሉ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የመጠጥ ጥገኞች እንደ ሆኑ፣ 20 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ከጀመሩት ግን ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ እንደ ሆኑ አሳይቷል። በአደንዛዥ ዕፅ በኩል ያለው አደጋ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ዛሬ ወጣቱ ከመንገድ ወይም ከስልኩ ገበያ የሚገዛው እንክብል፣ ለፈተና ያነቃል ተብሎ ቢሸጥም ለእንቅልፍ፣ ውስጡ ፌንታኒል ሊሆን ይችላል፤ አንዲቱ ትበቃለች። ስለዚህ ዲሬክተሩ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ አልፈርድበትም። ቆራጥ ደንብ መውደዱም ይገባኛል። የምጣላው ደንቡ ቆራጥ የሚሆነው በማን ላይ ነው ስል ነው።

ጽዋውን የቀዳው ማን ነው? ቮድካው ከየት መጣ?

በአንዳንድ ምኩራቦች ቅዳሜ ጠዋት የነቢያት ንባብ ሲጀመር ጥቂት አባቶች ከጸሎቱ ሹልክ ብለው እየወጡ በጎን ክፍል ውስኪ የሚቀማምሱበት ልማድ አለ፤ የኪዱሽ ክበብ ይሉታል። ይህን የምለው የጠላት ወሬ ሰምቼ አይደለም። ኦርቶዶክስ ዩኒየን የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ምኩራቦች ማኅበር ራሱ በ2005 ክበቦቹ ይዘጉ ብሎ በይፋ ጠይቋል፤ ልጆቹ ከአባቶቻቸው ምን እንደሚማሩ ገብቶት ነበርና። የሚያስቀው ነገር፣ ከእነዚያ አባቶች አንዱ በትምህርት ቤቱ ቦርድ ተቀምጦ፣ ሰኞ ዕለት ስለ ልጁ መባረር እጁን የሚያነሣ ሊሆን መቻሉ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ አይደለምን?

ፑሪምማ ይቅር! የፑሪም ቀን ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ መምህራን ቤት እየሄዱ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፤ በአንዳንዱም ቤት ይቀዳላቸዋል። ልጁ በዚያን ቀን የጠጣው በመምህሩ ፊት፣ በመምህሩ ብርጭቆ ነው። መምህሩ ሲቀዳለት ሥርዐት የነበረው ነገር በወሩ ጓደኛው ሲቀዳለት የሚያስባርር ወንጀል ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው ስለ መጠጥ አይደለም፤ ስለ ትልልቅ ሰዎች ነው።

የፑሪሙን ልማድ የሚከላከሉት ታልሙድን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ በመጊላ ክፍል አንድ ሊቅ፣ ሰው በፑሪም ቀን የተረገመውን ሐማንና የተባረከውን መርዶክዮስን መለየት እስኪሳነው ድረስ ይጠጣ የሚል ነገር ተናግሯል። ግን ገጹን ሳያጥፉ ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ለምን አያነቡም? ረባ እና ረቢ ዜራ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የፑሪምን ግብዣ አብረው አደረጉ፤ ሰከሩም፤ ረባ ተነሣና ዜራን አረደው። በማግሥቱ ጸልዮ ከሞት አስነሣው። በዓመቱ ረባ ዳግመኛ ና አብረን እናክብር ቢለው፣ ዜራ ተአምር በየጊዜው አይገኝም በሚል ምክንያት ሳይመጣ ቀረ። ታልሙዱ ይህን ታሪክ ከዚያ አነጋገር ጎን ያስቀመጠው ለጨዋታ ነው የሚል ካለ ይንገረኝ። በ16ኛው መቶ ዓመት በክራኮቭ የነበረው ሊቅ ሙሴ ኢሰርለስም፣ ሰው ከልማዱ ጥቂት ጨምሮ ይጠጣና ይተኛ፤ የተኛ ሰው ሐማንና መርዶክዮስን አይለይምና ግዴታውን ፈጽሟል ብሎ ነገሩን በብልሃት ዘግቶታል። በእኛ ዘመንም የሉባቪች ሐሲዶች መሪ የነበሩት ረቢ ሜናኽም ሜንደል ሽኒርሰን በ1960ዎቹ ዕድሜያቸው ከ40 በታች ለሆኑ ተከታዮቻቸው የጠንካራ መጠጥ ልክ ወሰኑላቸው፤ እሱም ጥቂት ትንንሽ ብርጭቆ ብቻ ነው። ልብ በሉ! ልኩ የተቈረጠው ጢም ላወጡት፣ ሚስት ላገቡት ነው።

እዚህ ላይ ስለ እኛው አገር ሰዎች አንድ ነገር ላንሣ። ቤተ እስራኤሎች በጎንደርና በአካባቢው ሲኖሩ ጾመ አስቴርን ይጾሙ ነበር፤ የፑሪምን የመጠጥ ግብዣ ግን አያውቁትም ነበር። ጠላ በቤታቸው ነበረ። እርሱ ግን የሚቀዳው በሽማግሎች ፊት፣ በወግ ነው። በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች እስራኤል ሲገቡ ብዙዎቹ ልጆች ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ፤ ሰክሮ መጨፈርን ከሃይማኖት ጋር አያይዘው ያዩትም ከአገር ከወጡ በኋላ ነው። ይህን ማንሣቴ ለመመጻደቅ አይደለም፤ ያለ ስካርም አስቴርን ማሰብ እንደሚቻል የሚመሰክሩ አይሁዶች ነበሩ፣ አሉም ለማለት ነው።

ጽዋ ያለ ወይን አይሆንም የሚለውም ክርክር አሮጌ ነው፤ መልሱም አሮጌ ነው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በከለከለችበት ዘመን ሕጉ ለሃይማኖት ሥርዐት የሚሆን ወይን ፈቅዶ ነበር። ወዲያው ረቢ ነኝ ባይ በዛ፤ የሌለ ምኩራብ አባላት ስም ዝርዝር እየተጻፈ ወይን ይወጣ ጀመር። ኒው ዮርክ ያስተምር የነበረው ታላቁ የታልሙድ ሊቅ ሉዊስ ጊንዝበርግ በ1922 ረዥም መልስ ጽፎ ያልፈላ የወይን ጭማቂ ለቡራኬ እንደሚበቃ አስረዳ። ዛሬ ጭማቂው በየሱቁ አለ። አንዱ የኪዱሽ ጽዋ በተለመደው ልክ 86 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ አራቱ የፋሲካ ጽዋዎች ሲደመሩ 344 ይሆናሉ፤ ይህም በአሜሪካ ሐኪሞች መለኪያ ከሁለት ሙሉ ብርጭቆ ወይን ይበልጣል። ለ14 ዓመት ልጅ ይህን በጭማቂ መሙላት ሃይማኖት ማፍረስ ከሆነ ጊንዝበርግን ያህል ሊቅ አፈረሰው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የምንባረርበት ደንብ የተመሠረተው በቶራ ነው ለሚሉት ቶራው ራሱ ስለ ጠጪ ልጅ ምን እንደሚል እናንሣ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ለአባትና ለእናቱ የማይታዘዝ፣ ሆዳምና ሰካራም የሆነ ዓመፀኛ ልጅ ወደ ከተማው ሽማግሎች ቀርቦ በድንጋይ ይወገር ይላል። ከዚህ የከበደ ደንብ የትኛው ትምህርት ቤት አለው? ሊቃውንቱ ግን በዚህ ሕግ ላይ ያደረጉትን ተመልከቱ። ልጁ የሚጠየቀው 13 ዓመት ከሞላው በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ብቻ ነው አሉ። ከአባቱ ሰርቆ የተወሰነ ሥጋ በልቶ፣ የተወሰነ ወይን ጠጥቶ መገኘት አለበት አሉ። በሃይማኖት ግብዣ ላይ ከሆነ ግን አይጠየቅም። አባት ከሶ እናት ካልከሰሰች ክስ የለም። ከሁለቱ አንዱ ዕውር ወይም ደንቆሮ ወይም አንካሳ ከሆነ ክስ የለም። እንዲያውም ረቢ ይሁዳ አባትና እናት በድምፅ፣ በመልክና በቁመት እኩል ካልሆኑ አይሆንም አለ። መጀመሪያ በሦስት ሰዎች ፊት ይመከርና ይገረፍ፤ ከደገመ በ23 ዳኞች ይታይ፤ እነዚያም ሦስቱ ከዳኞቹ መካከል ይኑሩ አሉ። በመጨረሻም ታልሙዱ እንዲህ ያለ ልጅ ከቶ አልነበረም፣ ወደ ፊትም አይኖርም፤ ሕጉ የተጻፈው እንዲጠናና ዋጋ እንዲገኝበት ነው የሚለውን ነገር አሰፈረ። (ረቢ ዮናታን ብቻ፣ እኔስ አይቼዋለሁ፣ በመቃብሩም ላይ ተቀምጫለሁ ብሎ ተከራከረ። በየትምህርት ቤቱ ቦርድ አንድ ረቢ ዮናታን አይጠፋም።)

እንግዲህ ሊቃውንቱ በጽሑፍ የቆመውን የእግዚአብሔርን ሕግ በአጥር ላይ አጥር እያጠሩ እንዳይደርስ አደረጉት። ትምህርት ቤቱ ግን ራሱ የጻፈውን ደንብ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይፈጽማል። 23 ዳኛ ቀርቶ፣ ልጁ አፉን የሚከፍትለት አንድ መምህር እንኳ ላይኖር ይችላል። በዘመናችን ካሉት ረቢዎች ብዙዎቹ ተማሪን ማባረር የነፍስ ፍርድ ነው፣ በነፍስ ፍርድ ጥንቃቄ ይታይ ብለዋል፤ ይህንም ዲሬክተሮቹ በስብሰባ ላይ ሲጠቅሱት ይሰማል፤ ጠቅሰውም ያባርራሉ።

ማሪዋናን በሚመለከት ሁሉም የሚጠቅሱት ረቢ ሞሼ ፋይንስታይን በ1973 የጻፉትን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ነገሩን አጥብቆ ይከለክላል፤ ሰውነት ይጎዳል፣ አእምሮ ያውካል፣ ጸሎትና ትምህርት ያሰናክላል፣ ወላጅን ያሳዝናል ይላል። በዚህ አልከራከርም። ይሁን እንጂ ደብዳቤው ይወገድ ያለው ርኵሰቱ ከተማሪዎቹ ላይ ነው እንጂ ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤቱ አይደለም። ዛሬ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ 21 ዓመት ለሞላው ማሪዋና ፈቅደዋል፤ ሱቁ በየመንገዱ አለ፤ ጭሱም ሽታ በሌለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ውስጥ ገብቷል። ተማሪውን በማባረር ሱቁ አይዘጋም። ከዚህ ሌላ ደንቡ የማያየው ነገር አለ፤ ለአንዱ ልጅ ሐኪም ያዘዘለትን የትኩረት መድኃኒት ጓደኛው ለፈተና ሌሊት ይዋሰዋል። ይህን የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ሰነፎቹ አይደሉም። ማዕርግ የሚጠበቅባቸው፣ ግማሹን ቀን ታልሙድ፣ ግማሹን ቀን ሒሳብና ፊዚክስ ተምረው እኩለ ሌሊት ላይ የቤት ሥራ የሚጀምሩት ናቸው። እነዚህን ማን ይከሳቸዋል? የትምህርት ቤቱን ስም የሚያስጠሩት እነሱ ናቸውና።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ልጅ ከመጠን በላይ ጠጥቶ ወለል ላይ ወድቋል። ያስታውከዋል፤ ሲጠሩት አይሰማም። በዙሪያው አምስት ጓደኞች ቆመዋል፤ ሁሉም ስልክ በኪሳቸው አለ። አምቡላንስ ከተጠራ ፖሊስ ይመጣል፤ ፖሊስ ከመጣ ወላጅ ያውቃል፤ ወላጅ ካወቀ ትምህርት ቤቱ ያውቃል፤ የጠራውም በቦታው የተገኘ ነውና ይባረራል። ትንሽ ይተኛና ይሻለዋል ይባባላሉ። ሕክምና የሚያውቅ ሁሉ ልጅ የሚሞተው በዚያች ትንሽ ይተኛ በተባለባት ሰዓት መሆኑን ይነግራችኋል፤ ትውከቱ ያንቀዋል፣ ወይም ትንፋሹ እየደከመ ይቆማል። ያን ደንብ የጻፉት ሰዎች ይህን አስበውበት ይሆንን?

ሌሎች አስበውበታል። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2002 ለታመመ ጓደኛው ሐኪም የጠራ ተማሪ በመጠጥ ደንብ እንዳይቀጣ ወሰነ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተከተሉት። የኒው ዮርክ ግዛትም በ2011 እንዲህ ባለ ሰዓት እርዳታ የጠራን ሰው ከብዙ ክስ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። መንግሥት፣ ያውም እስር ቤት ያለው መንግሥት፣ ለጠራው ልጅ ምሕረት አድርጎለት ሳለ፣ ነፍስን ማዳን ሰንበትን እንኳ ያሽራል ብሎ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ምሕረት ይነፍገዋል። ሰንበት ለዚህ ከተሻረ የደንቡ መጽሐፍ ገጽ አይሻርምን?

ሽንት እየመረመርን እንቆጣጠር የሚሉም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 ስፖርተኞችን፣ በ2002 ደግሞ በትርፍ ጊዜ ክበብ የሚሳተፉትን ሁሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሊመረምሩ እንደሚችሉ ፈርዷል፤ ሁለተኛው በአምስት ለአራት ድምፅ ያለፈ ነው። የግል ትምህርት ቤት ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በመንግሥት ላይ የጣለው ገደብ አያስረውም፤ ወላጅ ከፈረመ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2015 በትምህርት ቤት የሚደረገውን የዕጣ ምርመራ እንደማይደግፍ ገልጿል። ምርመራው ትናንት የተጠጣውን አልኮል ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ ማሪዋናውን ግን ከቀናት በኋላም ያገኘዋል። ልጁም ይህን ከእኔና ከእናንተ በፊት ያውቃል፤ ከጭሱ ወደ ጠርሙሱ ይዞራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል የምንወቅሰው በሽተኛውን ነው፤ እዚህ ግን ደብቅ ብሎ ያስተማረው ሐኪሙ ነው።

መባረሩም ለሁሉ እኩል አይደለም። በትልቅ ከተማ ያለ የሀብታም ልጅ ሲባረር አባቱ ስልክ ይደውላል፤ በሳምንቱ ሌላ የሺቫ ይቀበለዋል፤ ነገሩም ሌላ ትምህርት ቤት መረጠ ተብሎ ይወራል። በክፍያ እርዳታ የሚማረው፣ ወይም አንድ የአይሁድ ትምህርት ቤት ብቻ ባለበት ከተማ የሚኖረው ልጅ ግን ከትምህርት ቤቱ ጋር ጓደኞቹን፣ ምኩራቡን፣ ዕብራይስጡን ያጣል። በኦርቶዶክሱ ዘንድ ወሬው እስከ ጋብቻ ይከተለዋል፤ እኅቱንም ይነካል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው፣ ከቮድካ ሊያድኑት ሲሉ ቮድካ ብቻ ወደሚቀበለው ቦታ ይሰዱታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። ለወደቀ ጓደኛው እርዳታ የጠራ፣ የወደቀውም ራሱ፣ በዚያ ሌሊት ነገር አይከሰስ። ሳይያዝ በፊት መጥቶ እጠጣለሁ፣ እወስዳለሁ፣ እርዱኝ ያለ ተማሪ ምስጢሩ ተጠብቆለት ወደ ሐኪም ይላክ፤ ቦታውም ይቆየው። በየፎቁ ናሎክሶን የተባለው የፌንታኒል ማርከሻ ይቀመጥ፤ በ2023 ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷልና ሰበብ የለም። መባረር ለሻጩና ሌላውን ለአደጋ ለሚያጋልጠው ይቅር፤ እሱም ቢሆን በአንድ ሰው ቃል አይፈረድበት። ደንቡም በትልልቆቹ ይጀምር! በፑሪም ቀን ለተማሪ የቀዳ መምህር ከተማሪው በፊት ይጠየቅ። በዕውር ፊት ዕንቅፋት አታኑር የሚለውን ትእዛዝ ታልሙዱ ሲያብራራ የሚሰጠው ምሳሌ፣ ወይን ለተከለከለ ናዝራዊ የወይን ጽዋ ማቀበልን ነው። ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ ጥቅስ ምን ያስፈልጋል? ያን አንቀጽ በየዓመቱ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው።

ፑሪም በአዳር ወር በ14ኛው ቀን ይውላል። በዚያን ሌሊት አንድ ቦታ አንድ ልጅ ወለል ላይ ይወድቃል፤ አንዲት ጓደኛውም ስልኳን አውጥታ ልደውል ወይስ አልደውል እያለች ትቆማለች። ዲሬክተሩ ያንን ገጽ ከዚያ ቀን በፊት ያርመው፤ ማረሙንም ለተማሪዎቹ በጉባኤ ላይ በራሱ አፍ ይንገራቸው።